አርፔጂዮዬ የስልክ ጥሪ ይመስላል፣ ምን ላድርግ?

ታቦር_ስር — ሐሙስ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ፣ ታቦር ተራራ ስር። ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባል የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ዳንስ ሙዚቃ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን አንድ ሥራ ላይ ተቸክያለሁ። ቴምፖው በደቂቃ 124 ቢት ነው። ቅኝቱ ትዝታ ማይነር፣ መነሻው ኤ። ኪኩ (የታችኛው ከበሮ ምት) ጥሩ ነው፣ ቤዙም ይሄዳል። ችግሩ አርፔጂዮው ነው፣ ኮርዱን በአንዴ ሳይሆን ኖታ በኖታ በትኖ የሚጫወተው ክፍል፣ ባጭሩ አርፕ።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አንድ ቤት ጓደኛዬ ሲያጫውት ትራኩን አስገባልኝ። ሰዉ እየጨፈረ ነበር። ልክ አርፑ ሲገባ ቀዘቀዘ። አንዱ ልጅ ስልኩ የጠራ መስሎት ኪሱን ሲነካ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ያደረግኩት ይሄ ነው። ሶው ሞገድ ያለው ሊድ (ዜማ የሚይዝ የሲንት ድምፅ) ከፈትኩ። የቻናሉ አርፔጂዬተር ላይ አቅጣጫውን ወደ ላይ፣ ስፋቱን 2 ኦክታቭ፣ ኮርዱን ማይነር፣ ፍጥነቱን 1/16 አደረግኩ። ጌቱ (እያንዳንዱ ኖታ የሚቆይበት መጠን) ሙሉ ነው። ከዚያ በየባሩ (በየአራት ቢቱ) አንድ ኖታ አስቀመጥኩ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ። ላዩ ላይ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ጨመርኩ። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?

ሊሊ_ባስ — ማታ 3፡34

ሰላም ወንድሜ። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፣ አቶቴ። መጀመሪያ ኮርዱን አጥፋው። ሌላውን በኋላ እናያለን።

ያ ምርጫ የምታስቀምጠውን ኖታ መነሻ አድርጎ ሁሌ አንድ ዓይነት ማይነር ኮርድ ነው የሚሠራልህ። ያንተ ትዝታ ማይነር ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው፣ አምስቱም ነጭ ቁልፍ። ኤ ስታስቀምጥ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ይሰጥሃል፣ እሱ ደህና ነው። ቢ ስታስቀምጥ ግን ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ ይመጣል። ዲም ኤፍ ሻርፕም ቅኝትህ ውስጥ የሉም። ሲ ስትል ኢ ፍላትና ጂ ይገቡብሃል። ኢ ስትል ጂ ይገባል። ከአምስቱ መነሻ ንጹህ የሚሆነው ኤ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ባሮችህ ሦስቱ ከትዝታ ወጥተዋል ማለት ነው።

ሰዉ ይሄን በስም ላያውቀው ይችላል። ግን ይሰማዋል። አብሮህ የሚጨፍረው ሰው ትዝታን ከእናቱ ቤት ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነው። የሆነ ነገር ሲሰበር እግሩ ይቆማል።

እንዲህ አድርግ። ፒያኖ ሮሉ (ኖታ የሚጻፍበት ገጽ) ላይ ራስህ የመረጥካቸውን ሦስት ወይም አራት ኖታዎች እንደ ኮርድ ደራርበህ ጻፍ። ሁሉም ከአምስቱ ውስጥ ይሁኑ። ከዚያ ምረጣቸውና አልትን ይዘህ የኤ (A) ቁልፍን ተጫን። የአርፔጂዮ መሣሪያው ይከፈታል፣ ኮርዱን በትኖ ቁርጥራጭ ኖታ ያደርግልሃል። የዚህ ጥቅሙ ኖታዎቹ ዓይንህ ፊት መሆናቸው ነው። አንዷን ማጥፋት፣ አንዷን ማሳጠር ትችላለህ። የቻናሉ አርፔጂዬተር ግን የሚሠራውን አያሳይህም።

ታቦር_ስር — ማታ 3፡41

ሊሊዬ አመሰግናለሁ። ቢ ላይ ሲደርስ የሆነ ነገር እንደሚቆረቁረኝ ይሰማኝ ነበር፣ ግን የሲንቱ ድምፅ መስሎኝ ሦስት ቀን ፕሪሴት ስቀያይር ከረምኩ።

ባጃጅ128 — ማታ 3፡58

ኖታው ተስተካክሎም የስልክ ጥሪ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ጌቱ ነው።

ቴምፖህ 124 ከሆነ አንድ ቢት 484 ሚሊሰከንድ ነው፣ 60,000ን ለ124 ስታካፍል። አንድ 16ኛ 121 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ጌትህ ሙሉ ስለሆነ እያንዳንዱ ኖታ 121ዱንም ሚሊሰከንድ ይይዛል። መሃል ትንፋሽ የለም። ጥርስ የሌለው ማበጠሪያ በለው። ጌቱን ወደ 45 በመቶ አውርደው። ኖታው 54 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆንና የቀረው ዝምታ ነው። ግሩቭ የሚመጣው ከዚያ ዝምታ ነው። ኪኩም ሃይሃቱም የሚታዩት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጌቱን አሳጥረህ የሲንቱ ሪሊዝ 400 ሚሊሰከንድ ከሆነ ምንም ለውጥ አይሰማህም። ኖታው ቢለቀቅም ጭራው የሚቀጥሉትን ሦስት ኖታዎች ይሸፍናል። ሪሊዙን ወደ 60 ወይም 80 አውርድ። ሰስቴይኑንም (ኖታው ተይዞ ሳለ የሚጸናበትን ድምፅ) ዜሮ አድርገህ ዲኬዩን (ከምቱ በኋላ ድምፁ የሚወርድበትን ጊዜ) 150 አካባቢ ብታደርገው እንደ ክራር ክር ተመትቶ የሚጠፋ ድምፅ ታገኛለህ።

ሪቨርቡንም ለጊዜው አውጣው። ደረቅ ሆኖ ያልጨፈረ አርፕ በሪቨርብ አይጨፍርም።

ስድስት_አውታር — ማታ 4፡20

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ኮምፒውተሩን ብዙም አላውቅም። ክራር ስጫወት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ልጄ እናንተ የምትጽፉትን ያሳየኛል። ባጃጅ የተባለው ልጅ ክራርን ስላነሳ ነው ለመጻፍ የተነሣሁት።

አርፔጂዮ የምትሉት በጣልያን ቋንቋ አርፓን መጫወት ማለት ነው አሉኝ። አርፓ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው። እኛ ጋ ለዚህ ቃል አለን። ድርደራ እንለዋለን። በገና ደረደረ፣ ክራር ደረደረ ይባላል። ስለዚህ ይህ ነገር ከውጭ የመጣ አይምሰላችሁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ክራር ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ድርድር ነው፣ በጣት አንድ አንድ ክር እየነኩ መሄድ። ሌላው ግርፍ ነው። በግርፍ ቀኝ እጅ በመምቻው ሁሉንም ክር ጠርጎ ይመታል። ታዲያ ዜማው ከየት ይመጣል? ከግራ እጅ። የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ። የተለቀቀው ክር ብቻ ነው የሚሰማው። ተማሪ ሲጀምር ሁሌም የሚያየው ቀኝ እጄን ነው። እኔ ግራዬን እይ እለዋለሁ። ዜማውን የሚሠራው የሚያፍነው እጅ ነው።

ያንተን ሥራ ልጄ አስደመጠኝ። ቀኝ እጅ ብቻ ነው ያለህ ልጄ። ሁሉም ክር ሁልጊዜ ይጮኻል። ግራ እጅ ስጠው።

ታቦር_ስር — ማታ 4፡26

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኳት።

ሊሊ_ባስ — ማታ 4፡39

ጋሼ ያሉት በኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። 16 እርምጃ ያለው ባር ውሰድ። መጀመሪያ አሥራ ስድስቱንም ሙላ። ከዚያ ማፈን ጀምር። ስትጨምር ሳይሆን ስታጠፋ ነው የምትሠራው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ውስጥ 9 ወይም 10 አስቀራለሁ። ኪኩ የሚመታባቸው 1፣ 5፣ 9 እና 13 ናቸው። ከእነሱ ሁለቱን ባዶ አድርግ። አርፑ ለኪኩ ቦታ ሲለቅ ሁለቱም ትልቅ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ቬሎሲቲ (የምቱ ጥንካሬ) ነው። ሁሉም 100 ከሆነ ማሽን ነው። እኔ የምጀምረው 110፣ 60፣ 85፣ 50 ብዬ ነው፣ ከዚያ በጆሮዬ አስተካክላለሁ። ግን ቬሎሲቲው ድምፅ ብቻ እንዲያሳንስ አታድርገው። ሲንቱ ላይ ቬሎሲቲን ከፊልተሩ ካቶፍ (ፊልተሩ ድምፁን መቁረጥ ከሚጀምርበት ነጥብ) ጋር አገናኘው። ጠንክሮ የተመታው ኖታ ብሩህ ይሆናል፣ ለስለስ ያለው ይደበዝዛል። እውነተኛ ክርም እንደዚያ ነው። ጠንከር አድርገህ ስትመታው ድምፁ ከመጨመሩ ሌላ ቀለሙም ይለወጣል።

ባጃጅ128 — ማታ 4፡55

ጋሼን አከብራለሁ፣ ሊሊንም። ግን እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ሁሉም አርፕ ሰው የመታው መምሰል አለበት ብዬ አላምንም። የማሽን ውበት የሚባል ነገር አለ። ሲንት የሚሠራው ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1978 ጁፒተር 4 ላይ፣ በ1982 ደግሞ ጁኖ 60 ላይ አርፔጂዬተር ሲያስገባ የነበሩት ምርጫዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ስንት ኦክታቭ። በዚያ ብቻ ሰው አርባ ዓመት ጨፍሯል። አንድ አርፕ ምንም ሳይነቃነቅ ስምንት ደቂቃ ሲሄድና ፊልተሩ ብቻ ቀስ እያለ ሲከፈት የሚሰማኝን ስሜት በቃል ልገልጸው አልችልም። ያኔ የሚንቀሳቀሰው ኖታው ሳይሆን አድማጩ ነው።

ታቦር፣ ማወቅ ያለብህ የትኛውን እንደምትፈልግ ነው። መሃል ላይ ያለው ነው የስልክ ጥሪ የሚመስለው። እንደ ማሽን ጸንቶ አይሄድም፣ እንደ ሰውም አይተነፍስም።

ስድስት_አውታር — ማታ 5፡02

ባጃጅ፣ ይሄም ትክክል ነው። በገና አሥር ክር አለው፣ አንድ ዓይነት ድርደራ ሳይለወጥ ረጅም ሰዓት ይሄድበታል፣ በተለይ በዐቢይ ጾም። የሚለወጠው የሰሚው ልብ ነው። አልቃወምህም።

ሶስት_ድምፅ — ማታ 5፡15

የስልክ ጥሪ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የኔ ፍቅር እዚያ ነው።

አሮጌ ስልኮችና የጌም ኮምፒውተሮች እንደዚያ የሚንጫረሩት ድምፅ ስለሚያጥራቸው ነው። ለምሳሌ ኮሞዶር 64፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው፣ የድምፅ ቺፑ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችለው ሦስት ድምፅ ብቻ ነበር። አንዱ ለቤዝ፣ አንዱ ለዜማ ከሄደ ለኮርድ አንድ ነው የሚቀረው። በአንድ ድምፅ ኮርድ እንዴት ይወጣል? ኖታዎቹን በጣም በፍጥነት ያፈራርቋቸዋል። የአውሮፓው ማሽን ስክሪኑን በሰከንድ 50 ጊዜ ያድስ ስለነበር ኖታውንም በዚያው ፍጥነት ይቀያይሩታል። እያንዳንዱ ኖታ 20 ሚሊሰከንድ። ጆሮ በዚያ ፍጥነት ኖታዎቹን መለየት ያቅተውና የሚንቀጠቀጥ ኮርድ አድርጎ ይሰማቸዋል።

ታቦር፣ ያንተ አርፕ 121 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በጣም ይርቃል። የስልክ ጥሪ ያስመሰለው ፍጥነቱ ሳይሆን ሁለት ኦክታቭ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እንደገና ከታች መጀመሩ ነው። ጆሮ ቀጥሎ የሚመጣውን አንዴ ካወቀ መስማት ያቆማል። ስፋቱን ወደ አንድ ኦክታቭ ቀንስና ሁለተኛው ኦክታቭ አንድ ኖታ ብቻ ላክ፣ እሱንም በየሁለት ባሩ አንዴ።

የሚንቀጠቀጠውን ኮርድ በራሱ ከወደድከው ግን ቫይታል የሚባለውን ሲንት አውርድ፣ ነፃ ቅጂ አለው። አንድ ኤልኤፍኦ (ሌላ ነገር የሚያወዛውዝ ዝግ ያለ ሞገድ) በደረጃ ቅርጽ ሣልና ከኦሲሌተሩ ፒች (ከድምፅ ምንጩ ከፍታ) ጋር አገናኘው። ድሮፑ (ሙዚቃው በሙሉ ኃይሉ የሚገባበት ቦታ) ከመምጣቱ በፊት ለአንድ ባር ብቻ ብትጠቀመው ያምራል።

ባለ_ሞባይል — ማታ 5፡30

እኔ ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ ነው የምሠራው። አርፔጂዬተር የሌለው አፕ ላይ ይሄ ሁሉ ይሠራል?

ሊሊ_ባስ — ማታ 5፡37

በደንብ ይሠራል። አርፔጂዬተሩ ራሱ አንተ በጣትህ ልትጽፈው የምትችለውን ነው የሚጽፈው። ፒያኖ ሮል ያለው ማንኛውም አፕ ላይ ግሪዱን 1/16 አድርግ፣ አራት ኖታ ምረጥ፣ አንድ ባር ጻፍ፣ ከዚያ ኮፒ። አንተ እንዲያውም ትጠቀማለህ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ኖታ ለምን እንዳስቀመጥክ ታውቃለህ።

አሮጌ ኮምፒውተር ካገኘህ ደግሞ ኤልኤምኤምኤስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ቀላል ነው፣ ብዙ አይፈልግም። በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ አርፔጂዮ አብሮ አለ፣ ጌትም አቅጣጫም አለው። እንዲያውም ኖታ እየዘለለ እንዲሄድ የሚያደርግ ቁልፍ አለው፣ የጋሼን ግራ እጅ በለው።

ታቦር_ስር — ዓርብ ማታ 2፡05

ተመለስኩ። ቀን ላይ መብራት ስላልነበር ማታ ነው የጀመርኩት። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ።

የቻናሉን አርፔጂዬተር አጠፋሁት። አምስቱን ኖታ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ጽፌ በአልት እና ኤ በተንኳቸው። ሪሊዙን 70 አደረግኩ፣ ጌቱን 50። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። ክፍሌ ውስጥ ተነስቼ ቆምኩ።

ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አምስቱን ኖታ በተከታታይ ሳስኬደው እያንዳንዱ ባር ይለያያል። አንዳንዱ ባር ኤ ላይ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ቢ ላይ። አንዳንዴ ደስ ይላል፣ አንዳንዴ የጠፋሁ ይመስለኛል። ስህተት ነው?

ሊሊ_ባስ — ማታ 2፡22

ስህተት አይደለም። በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ነገር ይሄ ነው!

አንድ ባር 16 እርምጃ ነው። 16 ለአምስት ኖታ እኩል አይካፈልም። ሦስት ጊዜ ሲዞር 15 ይሆናል፣ አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ሁለተኛው ባር በሁለተኛው ኖታ ይጀምራል፣ ሦስተኛው ባር በሦስተኛው። ተመልሶ ኤ ላይ ባር የሚጀምረው ከ5 ባር በኋላ ነው፣ 80 እርምጃ ሄዶ። ቅኝቶቻችን ሁሉም አምስት ኖታ ናቸው፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም። ዳንስ ሙዚቃው ደግሞ በአራት በአራት ነው የሚሄደው። አምስቱ በአራቱ ላይ ሲዞር ኪኩ ሁሌ ሌላ ኖታ ላይ ያርፋል። አምስት ኖታ ብቻ ይዘህ ለረጅም ጊዜ የማይደጋገም ነገር አገኘህ ማለት ነው።

የጠፋህ የሚመስልህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ዳንስ ትራክ በ8 ባር ወይም በ16 ባር ነው የሚተነፍሰው። አርፑ በ5 ባር ነው የሚመለሰው። 8ኛው ባር አልቆ ትልቁ ለውጥ ሲመጣ አርፑ መሃል መንገድ ላይ ነው። ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ልቀቀው፣ ቤዙ ኤ ላይ ጸንቶ እስከቆመ ድረስ ሰው አይጠፋም። ወይ በየ4 ባሩ አስገድደህ ከኤ አስጀምረው። እኔ በመግቢያው እለቀዋለሁ፣ ድሮፑ ላይ በየባሩ አስጀምረዋለሁ። ያኔ ድሮፑ ላይ ሰዉ ምንነቱን ሳያውቅ አንድ ነገር ቦታው ላይ ሲቀመጥ ይሰማዋል።

ኤብልተን በሚባለው ፕሮግራም ላይ የምትሠሩ ካላችሁ አርፔጂዬተሩ ውስጥ ሪትሪገር የሚል አለ፣ በቢት እንዲያስጀምር ማድረግ ይቻላል። ከአርፔጂዬተሩ በኋላ ደግሞ ስኬል የሚለውን ሚዲ ኢፌክት አስገቡና አምስቱን ኖታ ብቻ እንዲያሳልፍ አድርጉት። ከዚያ ምንም ብትነኩ ከቅኝቱ አትወጡም።

ባጃጅ128 — ማታ 2፡40

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሦስት ኖታም ሞክር። 3፣ 3፣ 3፣ 3 ሄዶ የመጨረሻው 4 ሲሆን 16 ይሞላል። የተለመደ ነው ግን አይጠገብም።

ስድስት_አውታር — ማታ 2፡58

ልጆች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምን ሁሌ በአራት? ጭክጭካው የት ሄደ? እስክስታ የሚወርድ ሰው በስድስት ስምንተኛ ነው የሚወርደው።

ሊሊ_ባስ — ማታ 3፡11

ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ታቦር፣ ፕሮጀክቱን ሳትቀይር ግሪዱን ወደ 1/8 ትሪፕሌት ውሰደው። አንድ ባር ከ16 ይልቅ 12 እርምጃ ይሆናል፣ እያንዳንዱ 161 ሚሊሰከንድ አካባቢ በ124። ኪኩ በየሦስቱ እርምጃ ይመታል፣ አራት ጊዜ፣ እንደነበረው። የዳንሱ እግር አይነካም። ላዩ ግን ጭክጭካ ነው።

አሁን አራት ኖታ ያለው አርፕ አስገባ፣ ለምሳሌ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ነው። አርፑ በአንድ ባር ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ኪኩ አራት ጊዜ ይመታል። ሦስት በአራት ላይ። ትከሻ የሚነቀንቀው ነገር እዚያ ውስጥ አለ። የመጀመሪያውን ኖታ ብቻ ጠንከር አድርግ፣ ሌሎቹን አለስልስ። በርቀት ከበሮ ይመስላል።

ሙሉውን ትራክ እንደዚህ አታድርገው ግን። መሃል ላይ፣ ኪኩ ወጥቶ ሲመለስ፣ ለ16 ባር ብቻ። ከዚያ ወደ 16ኛ ስትመልሰው ፍጥነት የጨመርክ ይመስላል። ቴምፖው ግን ያው 124 ነው።

ታቦር_ስር — ማታ 3፡50

አደረግኩት። እውነት ለመናገር የገዛ ሥራዬ እንደዚህ ሲሰማኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እህቴ በር ከፍታ ገብታ ምንድነው ይሄ አለችኝ። አንድ ጊዜ አዳምጣ ትከሻዋ ተነሳ።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ወደ ድሮፑ ሲሄድ አርፑ እንዲያድግ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ ትልቅ ስፒከር ላይ ድብልቅልቁ እንዳይወጣ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ስሰማው ታችኛው ድምፅ ጭቃ ነበር።

ባጃጅ128 — ማታ 4፡08

ከጭቃው እንጀምር። ቤዝህ ኤ ላይ ከሆነ 55 ኸርዝ አካባቢ ነው ያለው። አርፕህ ከየት ይነሳል? ከ220 ኸርዝ በታች እንዳይወርድ፣ ማለትም ከቤዙ ሁለት ኦክታቭ በላይ። ከዚያ ኢኪው ላይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጠው። እዚያ የሚጠቅም ነገር የለውም፣ የሪቨርብ ጭቃ ብቻ ነው የሚከማቸው። ሪቨርቡንም በሴንድ (ለብቻው ቻናል) አድርግና ራሱን ሪቨርቡን ከ300 በታች ቁረጠው።

ቀጥሎ ሳይድቼይን። ኪኩ ሲመታ አርፑ ዝቅ ይበል፣ ብዙ ሳይሆን 3 ወይም 4 ዲሲቤል። ሰው እንዲሰማው ሳይሆን ኪኩ እንዲተነፍስ ነው።

ከሪቨርብ የበለጠ የሚረዳህ ዲሌይ (የገደል ማሚቶ) ነው። በነጥብ 1/8 አድርገው። በ124 ወደ 363 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ሦስት 16ኛ ማለት ነው። የጻፍከው 9 ኖታ ብቻ ቢሆንም ዲሌዩ ያጠፋሃቸውን ቦታዎች በለስላሳ ድምፅ ይሞላቸዋል። ግራና ቀኝ እንዲፈራረቅ አድርገው። ፊድባኩ (የማሚቶው መደጋገም) ከ30 በመቶ አይለፍ፣ ካለፈ ያፈንከው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፣ የጋሼ ግራ እጅም ከንቱ ይሆናል።

ሊሊ_ባስ — ማታ 4፡21

ለማሳደጉ እኔ ልመልስ። ብዙ ሰው ፊልተሩን ከፍቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጨረስኩ ይላል። ፊልተሩ ጥሩ ነው፣ ካቶፉ ከ400 ኸርዝ ተነስቶ በ16 ባር ውስጥ ቀስ ብሎ ይከፈት። ግን እኔ አብሬ ሌላም አንቀሳቅሳለሁ።

ጌቱን አንቀሳቅሰው። መጀመሪያ 25 በመቶ፣ ጥቃቅን ጠብታ ነው የሚመስለው። ወደ ድሮፑ ስትጠጋ 90 ይድረስ። ኖታዎቹ እየረዘሙ ሲነካኩ ውጥረት ይመጣል፣ ድምፁ ሳይጨምር። ዲኬዩንም አብረህ ማስረዘም እንዳትረሳ፣ አለዚያ ጌቱ ብቻውን አይሰማም።

ከዚያ ያፈንካቸውን ኖታዎች አንድ በአንድ መልሳቸው። በየ4 ባሩ አንድ ኖታ ክፈት። ከ9 ጀምረህ ድሮፑ አፋፍ ላይ 13 ድረስ። 16 አታድርሰው። የመጨረሻው ግማሽ ባር ላይ ሁሉንም ዝም አሰኘው። ኪክ የለም፣ አርፕ የለም፣ ዲሌዩ ብቻ ሲጠፋ ይሰማ። እኔ ማታ ፍቅር ሐይቅ ስቀመጥ ነው ይሄን የተማርኩት። እንቁራሪቶቹ ሁሉ ይጮኻሉ ይጮኻሉ፣ ድንገት በአንዴ ጸጥ ሲሉ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል።

ስድስት_አውታር — ማታ 4፡35

አንድ ነገር ልጨምር። ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው። የኔ ሲና የፒያኖ ሲ አንድ አይደሉም። ልጄ ፒያኖውን ሲነካልኝ ቀዝቃዛ የሚሆንብኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ሶስት_ድምፅ — ማታ 4፡44

ጋሼ ትክክል ነዎት፣ ይሄን ማድረግ ይቻላል። ታቦር፣ ሲዋን ብቻ ለብቻዋ ቻናል አውጣትና 10 ወይም 15 ሴንት ዝቅ አድርጋት። መቶ ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው፣ ስለዚህ በጣም ትንሽ ነው። በሒሳብ አትሂድ፣ የምትወደውን የክራር ቅጂ አጠገቧ እያጫወትክ አስተካክላት። ፓዱና ቤዙ ሲን ረጅም አድርገው ከያዙ ግን ይጋጫሉ፣ እዚያ ጋ ተጠንቀቅ።

ታቦር_ስር — ቅዳሜ ጠዋት 4፡15

አልተኛሁም። አሁን ያለበትን በጽሑፍ ላስቀምጥላችሁ፣ ድምፁን ፓኬጅ ስሞላ እጭነዋለሁ። የድሮፑ አንድ ባር ነው፣ 16 እርምጃ፣ ሰረዙ ዝምታ ነው።

ኤ — ሲ ኢ | — ኤፍ ኢ — | ኤ — ኢ ሲ | — ቢ ሲ —

አሥር ኖታ ነው፣ ስድስት ዝምታ። ኪኩ ከሚመታባቸው አራት ቦታ 5ኛውንና 13ኛውን ባዶ አድርጌያቸዋለሁ። ኤፍዋ ብቻ 115 ናት፣ ሌላው ከ50 እስከ 90። ሲ 12 ሴንት ዝቅ ብላለች። ዛሬ ማታ እዚያው ቤት ጓደኛዬ ያስገባልኛል።

ባለ_ሞባይል — ጠዋት 4፡31

ይሄን ባር ስልኬ ላይ ጻፍኩት። በስልኩ ትንሽ ስፒከር እንኳን ይሄዳል ወንድሜ።

ስድስት_አውታር — ጠዋት 4፡50

ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ አሰማኝ። ጥሩ ነው። ሦስተኛዋ ክፍል ላይ ኢና ሲ ተከታትለው ይመታሉ። ኢዋን አፍናትና ሲ ብቻዋን ትምጣ፣ ከዚያ ደግመህ ስማው።

ታቦር_ስር — ጠዋት 4፡58

አፈንኳት ጋሼ። አሁን ዘጠኝ ሆኑ። ሲ ስትመጣ ቢን ትጠብቃታለህ።